ልጆች በአፈወርቅ ተክሌ ስልት ሲስሉ፦ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከልጆች ጋር ሥዕል ስሠራ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ስለ ብዙ ሰዓሊ ማውራት ይቻላል። እኔ ግን በአንድ ሰው፣ እሱም በአንድ ሥራቸው ላይ መቆየት መርጫለሁ፦ አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ባለው የአፈወርቅ ተክሌ ትልቅ የመስታወት ሥዕል። አንዱን በደንብ የያዘ ልጅ ሌላውን ቀስ እያለ ይደርስበታል።

በሰዓሊ ስልት መሳል ማለት ሥዕሉን መገልበጥ ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። መገልበጥ ማለት ኦሪጅናሉን ፊት ለፊት አስቀምጦ ያንኑ ለመድገም መታገል ነው። ልጁ ደግሞ ይሸነፋል። የትልቅ ሰዓሊን እጅ የስምንት ዓመት እጅ አይደርስበትም፣ ስለዚህ ገና ሳይጨርስ "የኔ አያምርም" ብሎ ወረቀቱን ይጨመድደዋል።

በስልቱ መሳል ሌላ ነገር ነው። ሰዓሊው ችግሩን የፈታበትን መንገድ ትዋሳላችሁ እንጂ ሥዕሉን አትዋሱም። አፈወርቅ በመስታወቱ ላይ ሰው፣ ልብስ፣ ሰማይ፣ እሳት ሁሉንም ወደ ቁርጥራጭ ቀለም ቀይረው በጥቁር መስመር አያይዘዋል። ልጁ የሚዋሰው ይህንን ነው። የሚስለው ግን የራሱን ነገር ነው፦ አያቱን፣ ሰፈሩን፣ በጉን፣ ባጃጁን። ሥዕሉ ሲያልቅ አፈወርቅን የሚያውቅ ሰው "ኧረ ይሄ ነገር..." ብሎ ከጠረጠረ በቂ ነው።

ለምን አፈወርቅ ተክሌ?

አንደኛ፣ ታሪካቸው ለልጅ የሚነገር ታሪክ ነው። አንኮበር ላይ እ.ኤ.አ. በ1932 ተወለዱ። በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። እዚያ ሆነው ግን ወደ ሥዕል ዞሩ፣ በመጨረሻም ለንደን ውስጥ ስሌድ የተባለው የታወቀ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። "እናቴ ዶክተር ሁን ትለኛለች" እያለ ጠረጴዛ ሥር እንስሳ የሚስል ልጅ ይህን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። (ወላጆች፣ ይቅርታ። ግን እውነት ነው።) በኋላ ላይ ራሳቸውን የሳሉበት ሥዕል ጣሊያን አገር ፍሎረንስ ውስጥ ባለው ኡፊዚ በተባለው ሙዚየም፣ ከዓለም ታላላቅ ሰዓሊዎች የራስ ምስል ጋር እስከ መቀመጥ ደርሷል። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የእጅ ሥራው ራሱ ነው። የመስታወት ሥዕል ለልጅ ይመቻል። ጥላ፣ ርቀት፣ የቆዳ ቀለም እንዴት ይደባለቃል የሚባል ጣጣ የለበትም። ጥቁር መስመር አለ፣ በመስመሮቹ መሃል ቀለም አለ፣ ከጀርባ ብርሃን ይመጣል። መስኮት ላይ ሲለጠፍ ደግሞ ተራ ወረቀት የነበረው ነገር ይበራል። የልጁን ፊት ያኔ ነው ማየት።

ስለ ሥዕሉ ለልጆቹ ምን ልንገራቸው?

ከመናገራችሁ በፊት አሳዩአቸው። ፎቶውን ስልክ ላይ ሳይሆን በትልቁ፣ ኮምፒውተር ወይም ቴሌቪዥን ላይ ክፈቱላቸውና ዝም በሉ። ዝም ማለት ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ከዚያ ጠይቁ፦ ማን ምን ይዟል? የትኛው ቀለም በዛ? ፈሪ የሚመስለው ማነው? ልጆች ትልልቆቹ የማናየውን ያያሉ። ችቦ የያዘውን ቤተሰብ ቶሎ ያገኙታል፣ ጥሩር (የብረት የጦር ልብስ) የለበሰውን ወታደርም እንዲሁ። ስለ ወታደሩ ብዙ ይከራከራሉ። ተከራክረው ሲጨርሱ የተባበሩት መንግሥታትን እንደሚወክል ንገሯቸው።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ ይመጣል። አፍሪካ አዳራሽ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው በ1960 ብቻ 17 የአፍሪካ አገሮች ነፃ ወጥተዋል። የመስታወት ሥዕሉ ርዕስ የአፍሪካ ሙሉ ነፃነት የሆነው በዚህ ስሜት ውስጥ ስለተሠራ ነው። ሦስት መስኮት ነው፣ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ይተርካል። በጠቅላላው 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ልጅ ቁጥሩን አይረዳውምና "ከክፍላችሁ ወለል ይበልጣል" በሉት። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 የተመሠረተውም እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። ከዚህ በላይ በመጀመሪያው ቀን አትጫኗቸው፣ እጃቸው ወደ ቀለሙ እያየ ነው።

ስንት ዓመት ሲሆናቸው ይጀመር?

እኔ ከ6 ዓመት ጀምሮ እላለሁ። መስመር ዘግቶ መሳል፣ መስመሩንም ጠብቆ መቀባት የሚችሉት በዚያው ዕድሜ አካባቢ ነው። 9 እና 10 ዓመት ላይ ያሉት ደግሞ ሥራውን በጣም ይወዱታል፣ ምክንያቱም በዚያ ዕድሜ ልጆች "ትክክለኛ" ሥዕል መሥራት ይፈልጋሉ፣ አልሆን ሲላቸውም ሥዕል ይተዋሉ። የመስታወት ስልት ፊት ቁርጥራጭ እንዲሆን ስለሚፈቅድ ከዚያ ጭንቀት ያወጣቸዋል።

ከ6 ዓመት በታች ላሉት ትንሽ ወረድ ብዬ ሌላ መንገድ ጽፌያለሁ።

ምን ምን ልግዛ?

ብዙ አይደለም። ተራ ነጭ የፕሪንት ወረቀት፣ ወፍራም ጥቁር ማርከር፣ ከለር ማርከር ወይም ክሬዮን፣ የምግብ ዘይት፣ ጥጥ፣ ኮላ፣ ጥቁር ካርቶን። ጥቁር ካርቶን ከጠፋ ማንኛውንም ካርቶን ጥቁር ቀቡት። የውሃ ቀለም ካላችሁ ጥሩ ነው፣ ግን ቀጭን ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል። ውድ ቀለም አትግዙ። ልጅ ውድ ቀለም ሲሰጠው ይሳቀቃል፣ እናንተም "እንዳትጨርሰው" እያላችሁ ትቆማላችሁ።

እሺ፣ እንዴት ነው የሚሠራው?

መጀመሪያ በእርሳስ ይንደፍ፣ ትልቅ አድርጎ። አንድ ወይም ሁለት ነገር ይበቃል። ትንንሽ ነገር ብዙ ከሆነ ጥቁሩ መስመር ይውጠዋል። በወረቀቱ ዙሪያ ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ ጠርዝ ይተው፣ ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የጨዋታው ዋና ሕግ ነው፦ መስመር አየር ላይ አይቆምም። እውነተኛው የመስታወት ሥዕል የሚሠራው የተቆራረጠ ባለቀለም መስታወት በብረት ማሰሪያ እየተያያዘ ነው። ያልተያዘ መስታወት ይወድቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር ሄዶ ሄዶ ሌላ መስመር ወይም ጠርዙን መንካት አለበት። አንዲት ልጅ ፍየል ሳለች እንበል፣ ጅራቷ ሰማዩ መሃል ላይ ቆሟል። "ይሄን መስታወት ምን ይይዘዋል?" ብላችሁ ጠይቋት። ትንሽ ታስባለች። ከዚያ መስመሩን ከጅራቱ ጫፍ አንስታ እስከ ጠርዙ ትጎትተዋለች፣ ሰማዩም ለሁለት ይከፈላል። አሁን ሁለት ሰማይ አላት። አንዱን ሰማያዊ፣ ሌላውን ብርቱካናማ ማድረግ ትችላለች። ማንም ሳያስተምራት ሥዕሉ የሷ ሆነ ማለት ነው።

ሁሉም ሲዘጋ እርሳሱ ላይ በወፍራም ጥቁር ማርከር ይሂድበት። ወፍራም ስል የምሬን ነው። ቀጭን መስመር ጠረጴዛ ላይ ያምራል፣ መስኮት ላይ ሲወጣ ግን ብርሃኑ ይበላዋል። ወረቀቱን ወደ መስኮት አንስቶ ይሞክረው፣ መስመሩ ከጠፋበት ይድገመው።

ከዚያ ቀለም። ሕጉ፦ ለአንድ ቁራጭ አንድ ቀለም፣ ጎረቤት ቁራጭ ደግሞ ሌላ። ሰማዩም፣ መሬቱም፣ ባዶ የሚመስለው ቦታ ሁሉ ይቀባል። ልጆች ሰውየውን ቀብተው ጀርባውን ነጭ መተው ይወዳሉ፣ መስታወት ላይ ግን ባዶ ቦታ ማለት ቀዳዳ ነው። ይህንን ስትነግሯቸው ወዲያው ይገባቸዋል።

ሲጨርስ ወረቀቱን ገልብጣችሁ ጋዜጣ ላይ አድርጉት። ጥጥ ዘይት አስነክታችሁ በጀርባው በኩል በስሱ ቀቡ። ወረቀቱ ዓይናችሁ እያየ ብርሃን ማሳለፍ ይጀምራል። ፓስቲ የተጠቀለለበት ወረቀት ዘይት ሲጠጣ እንደሚሆነው ማለት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ለጠየቀ ልጅ ንገሩት፦ ወረቀት ነጭ የሚመስለው በወረቀቱ ቃጫዎች መሃል ያለው አየር ብርሃኑን እየበታተነው ነው፣ ዘይቱ ያንን አየር አስለቅቆ ቦታውን ሲይዝ ብርሃኑ ያልፋል። ዘይት መብዛት የለበትም፣ ትርፉን በሶፍት ጥረጉት። ጠርዙን ዘይት አታስነኩት፣ ኮላ ዘይት ላይ አይዝም። አሁን ባዶው ጠርዝ ለምን እንደተተወ ገባችሁ። አንድ ቀን ያህል ተኝቶ ይድረቅ፣ ከዚያ ከጥቁር ካርቶን በተቆረጠ ፍሬም ላይ ለጥፋችሁ መስኮት ላይ ስቀሉት። በካተር የሚቆረጠውን እናንተ ቁረጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዘይት የነካው ወረቀት በእሳት ቶሎ ይያያዛል። ሻማ ወይም የሚግል አምፖል አጠገብ በፍጹም አታስቀምጡት። የቀን ብርሃን ይበቃዋል፣ ያምርበታልም።

ቀለሙ ሁሉ ቡናማ ሆነ። ምን አጠፋን?

ተደራርቦ ነው። ልጆች ቢጫ ቀብተው ካልረኩ ወይን ጠጅ ይጨምሩበታል፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ መጨረሻ ላይ ጭቃ ይሆናል። የመስታወት ሠሪ ቀለም አይደርብም፣ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ልብሱ እጥፋት እንዲኖረው ከፈለገ ቦታውን በመስመር ለሦስት ይክፈልና አንዱን ፈዛዛ ሰማያዊ፣ አንዱን መካከለኛ፣ አንዱን ደማቅ ያድርገው። ሦስት ሰማያዊ ከሌለው ያንኑ ክሬዮን አንዴ ላላ፣ አንዴ ጫን እያደረገ ይቀባ። የአፈወርቅን ሥዕል ቀረብ ብላችሁ ብታዩ ልብሶቹ እንዲሁ በቁራጭ በቁራጭ የተሠሩ ናቸው።

ልጄ ፊቱን አረንጓዴ ቀባው። ላርመው?

ተዉት። ቀዩ ሰማይም፣ ሰማያዊዋ ላምም ይቆዩ። መስታወት ላይ ቀለም የሚመረጠው ስሜት ለመስጠትና ከጎረቤቱ ጋር እንዲጣላ ወይም እንዲስማማ ተብሎ ነው። ይልቅ "ለምን አረንጓዴ አደረግከው?" ብላችሁ ጠይቁትና መልሱን ከልባችሁ ስሙ። አንዳንዴ "ታሞ ነው" ይላችኋል። አንዳንዴ "ቀዩ ማርከር አልቆ ነው" ይላችኋል። ሁለቱም በቂ ምክንያት ነው።

ማረም ያለባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ያልተዘጋ መስመር። እሱ የስልቱ ሕግ ስለሆነ። የቀረው የልጁ ሥልጣን ነው።

"አልችልም፣ አንቺ ሳይልኝ" ትለኛለች። ምን ላድርግ?

አትሳሉላት። በእሷ ወረቀት ላይ የእናንተ እጅ አይረፍ። ከፈለጋችሁ የራሳችሁን ወረቀት ያዙና አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ የራሳችሁን ሳሉ፣ እሱ በጣም ያግዛል። እናት ስትሞክር፣ ስታጠፋ፣ እንደገና ስትሞክር ያየች ልጅ ትደፍራለች።

ብዙ ጊዜ "አልችልም" የሚመጣው ነገሩ ሲበዛባት ነው። አሳንሱላት። "ፈረስ ሳይ" ከማለት "የፈረሱ አንገት ወደ የት ነው የሚያየው? እሱን ብቻ በአንድ መስመር አሳዪኝ" በሏት። ሌላው ዘዴ ከመስመር መጀመር ነው። ወረቀቱን እንደፈለገች በረጃጅም መስመሮች ትቆራርጠው፣ ከዚያ እያዞረች ትይ። ከቁርጥራጮቹ ውስጥ ክንፍ ወይም ዓሣ ታገኛለች። ያገኘችውን ታጉላው። እርሳስ አልይዝም ያሉ ልጆች በዚህ ሲከፈቱ አይቻለሁ።

ሙገሳ ላይም ተጠንቀቁ። "ዋው፣ ጎበዝ!" ብቻ ከሆነ ልጅ አያምናችሁም። "ይሄ ቢጫ ከጥቁሩ አጠገብ ሲሆን እንዴት እንደበራ አየሽ?" ስትሏት ግን ሥራዋን ማየታችሁን ታውቃለች።

ምን ይሳሉ? ሐሳብ አጣን።

የሦስቱን መስኮት ሐሳብ ተጠቀሙ፦ ትናንት፣ ዛሬ፣ ነገ። ሦስት ወረቀት፣ ሦስት ቀን። ለትናንት ልጁ አያቱን ወይም አጎቱን ይጠይቅ። "እማማ፣ ልጅ ሆነሽ ውሃ ከየት ነበር የምትቀጂው?" ብሎ የጠየቀ ልጅ የሚስለው እንስራ ከየትም የተገለበጠ አይደለም። ለዛሬ ከቤቱ መስኮት የሚታየውን ይሳል፣ ክሬንም ቢሆን፣ ኮንዶሚኒየምም ቢሆን። ለነገ ዝም በሉትና የመጣለትን ይሳል። እኔ ከሦስቱ የምወደው ትናንትን ነው፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥ ወሬ ያመጣል። እራት ላይ አባት "እኔም እኮ..." ብሎ ይጀምራል።

ችቦውን የወደዱ ልጆች መስከረም ላይ ደመራ ይሳሉ። እሳት ለዚህ ስልት የተፈጠረ ነው፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ቁራጭ ጎን ለጎን፣ ዙሪያውን ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ።

ልጄ ገና 4 ዓመቱ ነው፣ መስመር መዝጋት አይችልም።

ለእሱ ገብረ ክርስቶስ ደስታን አሳዩት። ሐረር ውስጥ የተወለዱ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምረው የተመለሱ፣ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታችን አስተማሪ የነበሩ ሰዓሊና ገጣሚ ናቸው። እንደ አፈወርቅ እሳቸውም እ.ኤ.አ. የ1932 ልጅ ናቸው። ሰውና ቤት ያልሆነ፣ በቅርጽና በቀለም ብቻ የቆመ ሥዕል እኛ አገር ላይ ካስለመዱት ዋነኛው ናቸው። ለትንሽ ልጅ ይህ ትልቅ ነፃነት ነው። "ምንድነው የሳልከው?" የሚባል ጥያቄ የለም። ክብና አራት ማዕዘን የሆነ ባለቀለም ወረቀት በእጁ ይቅደድ፣ ትልቅ ካርቶን ላይ ይለጥፍ፣ በጣቱ ቀለም ይጨምርበት። መቀስ አያስፈልገውም። በእጅ የተቀደደ ጠርዝ ራሱ ያምራል።

የምንኖረው ውጭ አገር ነው። ልጆቹ ስለ አፈወርቅ ሰምተው አያውቁም።

እንዲያውም ለእናንተ ይበልጥ ይሠራል። ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ያለ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ በሆላንዳዊው ሰዓሊ በቫን ጎግ ስልት ሳይስል አያልፍም። ጥሩ ነው፣ ይሳል። ግን አንድ ቀን "እኛም እኮ አለን" ብሎ ክፍሉ ውስጥ ፎቶውን ሲያሳይ ቀና ብሎ ነው የሚቆመው። ታሪኩን በሚገባው ቋንቋ ንገሩት፣ የሥዕሉን ነገሮች ስም ግን በአማርኛ አስይዙት፦ ችቦ፣ ጥሩር፣ ነጠላ፣ ሰማይ። እጁ እየሠራ የሰማው ቃል አይጠፋበትም። የትናንቱን መስኮት ሲስል ለአያት በቪዲዮ ይደወል፣ እሷ ታውራ፣ እሱ ይሳል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፉት።

እዚያ ለስጦታ መጠቅለያ የሚሸጠው ስስ ባለቀለም ወረቀት በየሱቁ አለ። እሱን ከጥቁር ካርቶን ጀርባ እየለጠፋችሁ ከሠራችሁ ዘይት አያስፈልግም።

ኦሪጅናሉን የት ማየት ይቻላል?

አዲስ አበባ፣ ከብሔራዊ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ባለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) ግቢ፣ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ። አዳራሹ ረጅም እድሳት ተደርጎለት እ.ኤ.አ. በ2024 ተከፍቷል። ግቢው የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ ዝም ብሎ አይገባም፣ ቀድማችሁ ጠይቁ። ፒያሳ ያለው የጊዮርጊስ ካቴድራልም የአፈወርቅ ሥራዎች አሉት፣ ለልጆች ደግሞ የሚቀለው እሱ ነው። ከሰዓት በፊት ሂዱ፣ ልጆቹ ትንሽ ወረቀትና እርሳስ ይያዙ። ሁሉንም አይዩ፣ አንድ ይምረጡና እሱ ፊት ይቁሙ።

ሥዕሉ መስኮት ላይ እስከ መቼ ይቆያል? ፌስቡክ ላይስ ልለጥፈው?

ዘይቱ በሳምንታት ውስጥ ቢጫ ይላል፣ ሽታም ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ገና ትኩስ እያለ፣ ፀሐይ ከጀርባው ስትሆን ፎቶ አንሱት። ስልኩን በጣም አታስጠጉ፣ ፍላሽም አጥፉ።

መለጠፉን ልጁን ጠይቁት። ሥራው የሱ ነው፣ እምቢ ካለ እምቢ ነው። እሺ ካለ የልጁን ሙሉ ስምና የትምህርት ቤቱን ስም አትጻፉ፣ ከሥሩ ግን "በአፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽ መስኮት መነሻነት የተሠራ" የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። ወረቀቱ ላይ ደግሞ ልጁ ራሱ ይፈርም፣ በጥቁሩ ማርከር፣ ከታች በኩል። ፊርማውም የመስመር ሕግ አለበት ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ። የለበትም፣ እንደፈለገ ይጻፍ።